እኛ ስንመጣ የምትሠራው ሳጥን

እኔ ሰው ሲነዘንዘኝ አልወድም። በተለይ ሥራዬን ጨርሼ፣ ፈትሼ፣ እንከን የለውም ብዬ ከሄድኩ በኋላ «ኧረ አይሠራም» ብሎ የሚደውል ሰው ደሜን ያፈላዋል። ሚስስ ሃገርቲ እንደገና አስጠሩን ሲባል፣ ካናታ ከሚባለው ሰፈር ካለው ቢሯችን እስከ እሳቸው ሕንፃ ድረስ ስነጫነጭ ነው የሄድኩት።

«ሎሬይን፣ በናትሽ ተይ። አሮጊቷ ምን አደረጉሽ?» አለኝ ጋርዝ። አብሮኝ የሚሠራ ነው፤ ምንም ነገር አይከብደውም።

«ምንም አላደረጉኝም። ሳጥኗ ትሠራለች፣ እሳቸው አትሠራም ይላሉ። አንዳችን ተሳስተናል፤ እኔ ደግሞ አይደለሁም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የእሳቸው ሰፈር የውኃ ማማ ላይ ትልቅ የስልክ አንቴና ሰቅለናል፤ ብዙ ትናንሽ አንቴናዎች ጎን ለጎን ተደርድረው የተሠራ፣ እያንዳንዱን ስልክ ለብቻው አነጣጥሮ የሚያነጋግር። እሱ በደንብ የማይደርስበት ቦታ ደግሞ የጫማ ካርቶን የምታክል ሳጥን እናስቀምጣለን። ሁለቱ ተጋግዘው ነው የሚሠሩት። አጠገቧ ሰው ከሌለ ኤሌክትሪክ እንዳይባክን ሳጥኗ ትተኛለች፤ ሰው ሲመጣ ትልቁ የያዘውን ስልክ ይሰማና ይቀሰቅሳታል። በዚህ አሠራር ቢሮ ውስጥ ደረታችንን ነፍተን ነበር የምንሄደው።

ሚስስ ሃገርቲ ሳጥኗን በሰቀልንበት፣ ምድር ቤት ባለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል አዳልጧቸው ወድቀው ነበር። አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሏትን፣ በእኛ ኔትወርክ የምትሠራውን የአደጋ መጥሪያ ተጫንኩ ይላሉ፤ ማንም አልመለሰላቸውም። ጎረቤት ወርዶ እስኪያገኛቸው ሲሚንቶ ላይ ተኝተው ቆዩ። እኛ መጥተን በሞከርነው ቁጥር ግን ሠራ። ልጃቸው ዱዌን ከዚያ ወዲህ እናቴ መርሳት ጀምራለች ብሎ ደምድሟል። ቤታቸውን አስለቅቆ አረጋውያን ማዕከል ሊያስገባቸው፣ እኛ እንደገና የተጠራን ዕለት እዚያ ክፍል ሊያሳያቸው መጥቷል።

«እማዬ፣ ሰዎቹን አታመላልሻቸው እንጂ» አላቸው ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ቆመን ሳለ፣ የመኪናውን ቁልፍ በእጁ እያሽከረከረ።

«ተጭኜዋለሁ አልኩህ እኮ።» ድምፃቸው ግን እንደ በፊቱ አልነበረም። ወደ እኔ ዞሩና ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ሳልጫን ተጫንኩ የምል ይመስልሻል?» አሉኝ። «እስኪ ይሞክሩት» አልኳቸው።

ተጫኑ። ወዲያው ከመጥሪያዋ ውስጥ የሴት ድምፅ፣ «አቤት ሚስስ ሃገርቲ፣ ምን ልርዳዎት?» አለ። ዱዌን ራሱን ነቀነቀ፤ እሳቸው አንገታቸውን ደፉ። ትክክል መሆኔ እንደዚያን ቀን አስጠልቶኝ አያውቅም።

ዱዌን ብርዱን ፈርቶ መኪናውን ሊያሞቅ ወጣ። ጋርዝም የመሞከሪያ ስልኮቻችንን ሻንጣ ይዞ ወጣ፤ የእኔም ስልክ እዚያው ውስጥ ነበር። እኔ ከማድረቂያው ፎጣ ላወጣላቸው ቀረሁ። ፎጣውን እያጠፍን ሳለ ቀና ስል የሳጥኗ መብራት ድርግም ብሎ ጠፋ።

ፎጣውን አስቀመጥኩ። «እስኪ አሁን ይጫኑት።»

ተጫኑ። ዝም። ደግመው ተጫኑ። ዝም።

አሮጊቷ አዩኝ፤ ፊታቸው እንደ ሕፃን ፊት በራ። እኔ እዚያው ማጠቢያው ላይ ተደገፍኩ። ለካ ጉዱ ያለው እኛው ዘንድ ነው! የሕንፃው በር ላይ ስንደርስ ትልቁ አንቴና የሻንጣችንን ስልኮች ሰምቶ ሳጥኗን ቀስቅሶ ይጠብቀናል፤ እስክንወጣም አትተኛም። ስልክ የማይይዙት የሚስስ ሃገርቲ መጥሪያ ግን ካልተጫኗት ምልክት አትልክ። ብቻቸውን በሊፍት ወርደው ሲጫኗት ደግሞ ያ ሁሉ ሲሚንቶ ጋርዶት ትልቁ አይሰማ፤ እሱ ካልሰማ ሳጥኗን ማን ይቀስቅሳት?

መብራቷ ቦግ አለች፤ ወዲያው ዱዌን በሩን ከፍቶ ገባ። «በይ እማዬ፣ እንሂድ።»

«ስልክህን መኪናው ውስጥ አስቀምጠህ ተመለስ» አልኩት።

«ለምን?»

«አስቀምጠህ ና አልኩህ!»

ፊቴን አይቶ አልተከራከረም። ባዶ እጁን ሲመለስ ሳጥኗ ተኝታለች። እናቱ ዓይን ዓይኑን እያዩ ተጫኑ። እሱም ዝምታውን ሰማ። ማጠቢያው ጎን ያለው አግዳሚ ላይ ቁጭ አለ።

ጋርዝን ጠርቼ ነገርኩት። «የሞከርነው ራሳችንን ነበር በያ» አለና፣ እዚያው በላፕቶፑ ሳጥኗ ከእንግዲህ ጭራሽ እንዳትተኛ አዘዛት። ስልኮቹን በሙሉ መልሰን ውጪ አስቀመጥን። መብራቷ አልጠፋችም። እፎይ አልኩ፤ እንዲህ ተሳስቼ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«ይጫኑት» አልኳቸው።

«አቤት ሚስስ ሃገርቲ፣ ምን ልርዳዎት?»

«ምንም አልፈልግም፣ ደህና ነኝ» አሏት የመጥሪያዋን ሴት፣ እንባቸው እየወረደ። «ያን ቀን ተጭኜው ነበር። እሱን ልነግርሽ ነው።»

ዱዌን ተነሥቶ ኮቱን አወለቀና ከእናቱ እጅ ፎጣውን ተቀበላቸው።