የነዚፋ እንቁላሎች

«ኤሲውን አጥፋው አልኩህ እኮ፣ ከሊፋ!»

ከሊፋ አጠፋው። በኦገስት፣ በአትላንታ፣ መስኮት ዘግቶ ያለ ኤሲ መንዳት ምን እንደሆነ ላቡ ይናገር። ሚስቱ ነዚፋ ከኋላ ተቀምጣለች። ለራሷ ያላሰረችውን ቀበቶ አጠገቧ ላለው ሳጥን አስራለታለች።

ሳጥኑ ውስጥ ያሉት የእንሽላሊት እንቁላሎች ናቸው። ዘሩ ከአንዲት ትንሽ ደሴት በቀር የትም የለም፤ እዚያም ድመት በልቶ ጨርሶታል ማለት ይቻላል። ነዚፋ የምትሠራበት፣ ፒችትሪ ኮርነርስ ያለው የብርቅዬ እንስሳት ማራቢያ ጠዋት በጣለው ወጀብ መብራት ጠፋበት፣ ጄኔሬተሩም እምቢ አለ። እንቁላሎቹ ከቀዘቀዙ አለቀላቸው። ስለዚህ ኬኔሶ ወዳለው ሌላ ማራቢያ እያደረሷቸው ነው።

«ባለፈው ሲያተኩሰኝ» አለ ከሊፋ በመስታወቱ እያያት፣ «ሥራ ቦታ ደውዬልሽ ምን ነበር ያልሽኝ?»

«ምን አልኩህ?»

«‹ታይሌኖል ኪችን ውስጥ አለ› ብለሽ ዘጋሽብኝ። ለአርጃኖ ግን ቴርሞሜትር!»

«አርጃኖ አይደለም። ደሞ ያንተ ዘር መች ጠፋ? ዘመዶችህ ክላርክስተንን ሞልተውት የለ እንዴ!»

ሳቁ መጥቶበት ነበር፤ ቅናቱ መለሰው። ጎረምሳ ባልደረባ ቢሆን እንኳ ወጉ ነው፣ ሄዶ ይጣላዋል። ገና ያልተፈለፈለ እንሽላሊት ግን በምን ይጣሉታል?

«እስቲ ገልበጥ ገልበጥ አድርጊያቸው» አለ ቆይቶ። «ዶሮ እንኳ ታገላብጣለች።»

«ያኔማ ይሞታሉ! ላያቸው ላይ በእርሳስ ምልክት ያደረግኩት ለምን መሰለህ? እንዳይገለበጡ ነዋ! ንክች እንዳታደርጋቸው!»

ኬኔሶ ደርሶ ፓርክ ሲያደርግ ዝናቡ እንደገና ወረደ። ነዚፋ ሳጥኑን የሚረከባት ሰው ልትጠራ በሩን ብርግድ አድርጋ ወጣች፤ ቀዝቃዛ ንፋስ መኪናውን ሞላው። ንፋሱ በሩን ከኋላዋ መልሶ ዘጋው።

ከሊፋ ከባላንጣዎቹ ጋር ብቻውን ቀረ። መንገዱን ሙሉ ሲመኘው የቆየው የኤሲ ቁልፍ ላይ ጣቱን አሳረፈ። ዘወር ሲል የሳጥኑ ቴርሞሜትር ከአረንጓዴው መስመር በታች ወርዷል።

«እናንተማ በታይሌኖልም አትድኑ» አላቸው።

ስልኩ ጮኸ። «ከሊፋ፣ እንደወጣሁ ኤሲ አበራህ አይደል? እውነቱን ንገረኝ!»

«ወላሂ አላበራሁም።»

ሂተሩን ማብራቱን ግን አልነገራትም። የሸሚዙን ቁልፎች ፈታታና ሙቀቱን አንድ ደረጃ ጨመረው።