አራት ጣት ጭቃ

መርከበኞቹ «ወይዘሮ ጭቃ» ይሏታል፤ እሷም አትቀየምም። ሥራዋ የባሕሩን ወለል ደለል ማጥናት ነው። ጥልቀቱ በተለካበት ቦታ ሁሉ ናሙና ታስወጣለች፣ በጣቷ ታሻለች፣ ደቃቅ አሸዋ እንዳለው ለማወቅም በጥርሷ ነከስ ታደርገዋለች። ምግብ ቤት ስትገባ፣ «ትበያለሽ ወይስ ከታች ቀማምሰሽ መጣሽ?» ይሏታል።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ግን የሚቀልድ አልነበረም። ነፋሱ እየበረታ ስለመጣ ካፒቴኑ በቅርብ ወዳለች ባሕረ ሰላጤ ገብቶ መልህቅ ሊጥል ወሰነ። ቦታዋን እሷ በደንብ ታውቃታለች። አባቷም ካፒቴን ነበር፤ መርከቡን ያጣው እዚያ ነው። መልህቁ ተንሸራቶ መርከቡ ከድንጋይ ጋር ተላተመ። ሰው አልሞተም። አጣሪዎቹ ግን ካርታ ዘርግተው፣ «ወለሉ ጭቃ ነው፤ ጭቃ መልህቅ ይይዛል፤ ያልያዘልህ ሰንሰለት ስላሳጠርክ ነው» ብለው ፈቃዱን ነጠቁት። ከዚያ ወዲህ ሰውዬው ቤት ተቀምጦ ቴሌቪዥን ላይ የአየር ትንበያ የምታነበውን ልጅ ሲሰድብ ይውላል። እናቷ «ምናለ ጥፋቴ ነው ብለህ ቢወጣልህ» ያለችው ጊዜ ምሳውን ትቶ ተነሣ።

ያኔ ካርታውን ይዞ በአባቷ ላይ የመሰከረው የዚህ ጉዞ መሪ ፕሮፌሰሩ ነው። ሲቀጥራት የማን ልጅ እንደሆነች አላጣውም። እሷም ማን እንደሚቀጥራት አላጣችውም።

ካፒቴኑ ወዳለበት ወጣች። «መልህቁ አይጣል። መጀመሪያ ወለሉን ልየው» አለችው።

አጠገቡ የቆመው ፕሮፌሰሩ ሳቀ። «ወለሉ ታይቷል። ጭቃ ተብሎ ተጽፏል።»

«በምን ታየ? በገመድ በታሰረ የእርሳስ ብረት! ከእርሳሱ ሥር ሞራ ቀብተው ጣሉት፤ ሞራው ላይ ጭቃ ተለጥፎ ወጣ፤ ጭቃ ብለው ጻፉ። ሞራ የሚያነሳው የላይ የላዩን ነው።»

«አባትሽን ነጻ ለማውጣት...»

«አዎ፣ አባቴን! ምን ይሁን?» አለች ጮኻ።

ካፒቴኑ ነፋሱን አየ፤ እሷን አየ። «ቶሎ በይ» አላት።

መጀመሪያ መንጋጋ የሚሉትን ቆንጣጭ ብረት አወረዱ። አፉን ሞልቶ ወጣ፤ ለስላሳ፣ ግራጫ፣ ያማረ ጭቃ። ፕሮፌሰሩ ጭቃውን በጣቱ ጠቆማት። ለአፍታ አባቷ ሰንሰለት ሲያሳጥር ታያት፤ እሷም ይህን ሁሉ ዘመን ለውሸት ስትሟገት የኖረች መሰላት። ካፒቴኑ መልህቁ እንዲዘጋጅ አዘዘ።

«ወለሉን የሚወጋው ቱቦ ይውረድ» አለች።

«አሁንስ በቃሽ!» አለ ፕሮፌሰሩ።

«አልበቃኝም።» ሄዳ የመልህቁ ሰንሰለት ላይ ቁጭ አለች። «መጣል ካማራችሁ ከነእኔ ጣሉት።»

መርከበኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። የምትነሳ አትመስልም ነበር። ካፒቴኑ እየተራገመ ቱቦውን ፈቀደላት። ቱቦው ከባድ ነው፤ ጥልቅ ጭቃ ካገኘ በገዛ ክብደቱ ቁመቱን ሙሉ ሰርስሮ ይገባል።

ሲወጣ አፉ እንደ ተረገጠ ጣሳ ተጨማዷል። ውስጡ አራት ጣት ጭቃ፣ ከሥሩ የአለት ስባሪ። ፈቀቅ ብለው ደገሙት፤ ያው ነው።

«አራት ጣትም ቢሆን ጭቃ ነው» አለ ፕሮፌሰሩ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«ጭቃማ ነው፤ ጫማ ያቆሽሻል። መርከብ ግን አይይዝም!» እንባዋን በጭቃማ እጇ ጠረገችው። ፊቷ ተለቀለቀ፤ ማንም አልሳቀባትም።

ካፒቴኑ ቱቦውን ገልበጥ አድርጎ አየና፣ «ታዲያ ምን ይሻላል?» አላት።

«እኔ የማውቀው ደለል ነው። እዚህ በነፋስ የተያዘ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሏል፤ እሱን ይጠይቁት።»

የሳተላይት ስልኩን ሰጣት። «አባዬ፣ ያቺ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ነን። ጭቃው አራት ጣት ነው። ከሥሩ አለት ነው።»

ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ተሰማት። «ለእኔ ነው እንዴ የምትነግሪኝ?» አለ አባቷ። «እዛ ምን ትሠሪያለሽ? ስልኩን ለአለቃሽ ስጪው!»

ካፒቴኑ ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፈተው። ፕሮፌሰሩ አጠገባቸው ቆሟል።

«ፈቃድ የተነጠቀ ሰው ነው የምታናግረው» አለ አባቷ። «ሰማህ?»

«ሰምቻለሁ። ምን ላድርግ?»

«እዛ እንዳትጥል። እኔ ያለኝን ሰንሰለት ሁሉ ለቅቄላት መልህቋ አልያዘችም። ማዕበሉን ፊት ለፊት ይዘህ ወደ ውጭ ውጣ። ሲንጥህ ያድራል፤ ግን አትሰበርም። ልጄንም ከደጅ አስገባት፤ የምትሰማህ ከሆነ።»

ካፒቴኑ ወደ ፕሮፌሰሩ ዞር አላለም። ስልኩን ወደ አፉ አስጠግቶ፣ «እሺ፣ ካፒቴን» አለ።