የቄስ ኪዳነ ማርያም እጅ

ሰርግ የሚያምረው ለተጠራ ሰው ነው። ለእኔ ሰርግ ማለት የወገብ ሕመም ነው። ከጥምቀት ማግሥት ጀምሮ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ሰሜን ሸዋ በሙሉ ይጋባል። ደብረ ብርሃን ይጋባል፣ ጫጫ ይጋባል፣ አረርቲ ይጋባል፤ ጾም ሳይቀድመን ብሎ የማይሯሯጥ የለም። እኔ ዘርአ ዳዊትም ካሜራዬን አንግቤ ከኋላ ከኋላቸው እሮጣለሁ። ጉልበቴ ይንቋቋል፣ ዓይኔ ደም ይለብሳል። ሚስቴ “የሰው ሰርግ ስትል የራስህን ትዳር ረሳኸው” ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ማንሣቱስ ይሁን። የሚገድለኝ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው ስቱዲዮዬ ላፕቶፕ ፊት ተጎልቼ የሰው ፊት ሳጸዳ እውላለሁ። አንዷ “ትንሽ ቀላ አድርገኝ” ትላለች። አንዱ ቦርጩን እንዳጠፋለት ይለምነኛል። አንዲት የሙሽራ እናት ደግሞ “ያችን የአጎቱን ሚስት ከመሃል አውጣልኝ፣ በሞቴ” ብላኝ ታውቃለች፤ አወጣኋት። የሞተ አባት ከአሮጌ ጉርድ ፎቶ ቆርጬ ሙሽራ አጠገብ ያቆምኩበትም ጊዜ አለ። ይሄ ከብዶኝ አያውቅም፤ ሙት ምን ይላል? በሕይወት ያለ አባት አስገባልኝ ያለችኝ ግን ፀደንያ ብቻ ናት።

ፀደንያ የአንኮበር ልጅ ናት። አባቷ ቄስ ኪዳነ ማርያም ከጎረቤላ ወጣ ብሎ ባለ ደብር ያገለግላሉ። እሷ እዚህ ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ገብታ ስትሠራ፣ እዚያው ማሽን ከሚጠግን ባየው ከሚባል ልጅ ጋር ተዋደደች። ችግሩ አባቷ ቀድመው ለሌላ ቤት ቃል መስጠታቸው ነው። የባልንጀራቸው ልጅ፣ ዲያቆን ነው፣ ሽማግሌ ልኮ እሳቸውም እሺ ብለው ነበር። ልጅቷ አሻፈረኝ አለች። የቄስ ቃል ሲታጠፍ ደግሞ በምእመኑ ሁሉ ፊት ነው የሚታጠፈው፤ ሰውየው አንገታቸውን ደፍተው ከረሙ።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ ሰርጉ ሊደርስ ሲል ስቱዲዮ መጥታ ነው።

“አባዬ ድግሱን ደግሷል። ሰው ፊት አላዋርድሽም ብሏል” አለች። “ጉልበቴን ግን አትስሚኝም ብሏል።”

ሙሽራ የአባቷን ጉልበት ሳትስም፣ ሳትመረቅ ከቤት ወጣች ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለእኔ መንገር አያሻም። ዕድሜዬን ያንን ሳነሣ ነው የኖርኩት።

“ይበርድላቸዋል” አልኳት። “አባት አይደሉ እንዴ?”

“ከበረደለት እንዳያመልጥዎት፣ ጋሼ። ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ። እሷን አንዷን ፎቶ ብቻ!”

የሰርጉ ዕለት አንኮበር ጉም ለብሳ ዋለች። ጉሙ ዳሱ ውስጥ ድረስ ገብቷል፤ ሌንሴን ብወለውል ብወለውል ያው ነው። ቄስ ኪዳነ ማርያም ጥምጣማቸውን አሳምረው፣ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው ከዳሱ ራስ ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ድፎ ዳቦው ቀረበላቸው። መስቀላቸውን አወጡና ከወንበራቸው ሳይነሡ እጃቸውን ዘርግተው ባረኩት።

“አባ፣ አንዴ ይደገምልኝ!” አልኩ።

እንግዲህ ይህ አፌ ነው። ቀለበቱ ይደገም፣ ጉርሻው ይደገም፣ ሳቁ ይደገም ስል ነው ጥርሴ ያለቀው። ቢወጣልኝም ባይወጣልኝም ይደገም እላለሁ፤ ልማድ ነው።

ቄሱ ቀና ብለው አዩኝ። “ቡራኬ እንደ ጭብጨባ ይደገማል እንዴ፣ አንተ?” አሉኝ።

ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ። ፎቶው መጀመሪያውኑ ወጥቶልኝ ነበር።

የጉልበት መሳሚያው ሰዓት ሲደርስ፣ እንዳያመልጠኝ ብዬ ከሙሽራዋ በፊት ተንበርክኬ ጠበቅሁ። ፀደንያ ካባዋን ደርባ፣ ከባየው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ አባቷ ወንበር መጡ። ቄስ ኪዳነ ማርያም አዩዋት። ከዚያ ብድግ አሉ።

“እንግዳ ልይ” አሉና በጓሮው በኩል ወጡ።

ልጅቷ ጉልበቷን አጥፋ ጨርሳለች። መመለስ አልቻለችም፤ ወረደች። ባዶ ወንበር ፊት ተንበርክካ ቀረች። እልልታው ተቆረጠ። እናቷ እትዬ እናናየሁ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱት። ጣቴ ግን ሥራውን ያውቃልና አንሥቶታል። ያን ፎቶ ማየት እስከ ዛሬ አልወድም። ኋላ እናትየው ጉልበታቸውን ሰጧት፣ አጎትየው መረቋት፣ ተደግፋ መኪና ገባች። አባትየው መልስም እንደማይጠሩ፣ ሙሽሮቹን ዳግም ደጃቸው እንደማያዩ እዚያው ዳሱ ውስጥ ተሰማ። እኔ ስንት ሰርግ አንሥቼ እንደዚያ ቀን ደክሞኝ ወደ ቤቴ የተመለስኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ሰንበትበት ብላ ፀደንያ ከፋብሪካ እንደወጣች፣ ፀጉሯ ላይ የሱፍ ብናኝ እንዳለ፣ ስቱዲዮ መጣች። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየች። ባዶው ወንበር ጋ ስትደርስ ቆመች።

“ጋሼ፣ አባዬን እዚህ ያስቀምጡልኝ” አለችኝ። “እጁን ራሴ ላይ ያድርግልኝ።”

“አሁን ይሄ ለማን ይጠቅማል?” አልኳት። ደክሞኝ ነበር፤ ያም ሆኖ ክፉ ንግግር ነው።

“ለእኔ” አለች። “ነገ ስወልድ ለልጄ የማሳየው ይኑረኝ።”

እሺ አልኩ።

ሥራው ራሱ አላስቸገረኝም። ቄሱ ዳቦውን የባረኩት እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው፤ ብርሃኑም ያው፣ ጉሙም ያው። ከወገባቸው በላይ ቆርጬ ባዶው ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። ዳቦውን አጠፋሁ። እጃቸው ከነመስቀሉ ልክ የልጅቷ ራስ ላይ አረፈ። የሠራሁት እኔ ባልሆን ኖሮ አምን ነበር። በቴሌግራም ላክሁላት።

ብዙ ቆይታ መለሰች። “እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። መስቀሉን ከእጁ ማውጣት ይቻል ይሆን?”

ደሜ ፈላ። ኧረ የፈጣሪ ያለህ! ቦርጭ አውጣ ተብያለሁ፣ ዘመድ አውጣ ተብያለሁ፤ የቄስ መስቀል ከእጁ አውጣ ያለኝ ግን የለም። እንደ ምንም ብዬ ሞከርኩት። መስቀሉ ሲወጣ ጣቶቹ ባዶ ነገር ጨብጠው ቀሩ፤ በትሩን የተነጠቀ ሽማግሌ መሰሉ። ትቼ ከነመስቀሉ አሳተምኩት፤ ፍሬም አደረግሁበትና “እየሞከርኩ ነው” ብዬ ዋሸኋት።

ለዐቢይ ጾም ቅበላ ሦስት ቀን ሲቀረው የስቱዲዮዬ በር ተከፈተና ቄስ ኪዳነ ማርያም ገቡ።

“ጉርድ ፎቶ አንሣኝ” አሉ። “ለመታወቂያ ነው።”

ጉርድ ፎቶማ ጎረቤላም ይነሣል። ለጉርድ ፎቶ ብሎ ሚኒባስ ውስጥ ታጭቆ ከአንኮበር ድረስ የሚመጣ ሰው አላየሁም። ግን ምን አገባኝ? “ይቀመጡ፣ አባ” አልኩ። አልተቀመጡም። እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ግድግዳው ላይ የሰቀልኳቸውን ሙሽሮች አንድ በአንድ ያያሉ።

“የእኛይቱ የለችም?” አሉ፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ።

“ገና ነው፣ አባ።”

ይህን እያልኩ ጠረጴዛው ላይ የተጋደመውን ፍሬም በጨርቅ ልሸፍን እጄን ሰደድኩ። ቀደሙኝ። አንሥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዘውት ሄዱ።

“ይሄ መቼ ነው?”

“አባ…”

“መቼ ነው አልኩህ እኮ!”

“ልጅዎ ናት” አልኩ። “አባዬን አስቀምጥልኝ ብላኝ ነው።”

መዓቱ ይውረድብኝ ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅሁ። ቢያወግዙኝ ምን አፍ አለኝ? እሳቸው ግን ፍሬሙን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

“ይሄ ዳቦውን ስባርክ ነው” አሉ በመጨረሻ።

“ነው፣ አባ።”

“እኔ ልጆቼን በመስቀል ባርኬ አላውቅም” አሉ። “ታላላቆቿን ስድር፣ እሷን አስኳላ ስሰድ፣ ሁልጊዜ መስቀሌን አስቀምጬ በባዶ እጄ ነው። ለደብሩ ቄስ ነኝ፤ ለእነሱ አባታቸው ነኝ። ይህን ታውቃለች።” ወደ እኔ ዞሩ። “አይታዋለች?”

“አይታዋለች። መስቀሉን ከእጁ አውጣልኝ አለችኝ። እኔ እንኳ ምን የምትል ናት ብዬ ተናድጄባት…”

መጨረስ አልቻልኩም። ለጉርድ ፎቶ ያዘጋጀሁላቸው ወንበር ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ።

“አየህ?” አሉ። “ለዳቦው ቡራኬ ነበረኝ። ልጄን ግን ሳልባርክ ሰደድኳት። ቃሌን አሳጠፈችኝ ብዬ! ቃል እሷን ያህላል እንዴ?”

አለቀሱ። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ የት እንደምገባ አላውቅም፤ የጠፋው ላፕቶፕ ስክሪን ላይ አፈጠጥኩ። አንጀቴን በሉት። ለልጅቷም፣ ለእሳቸውም፣ በደከመ እጄ ለሠራሁት ውሸትም አዘንኩ።

በጋቢያቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ። “እሑድ ቅበላ ነው” አሉ። “ከዚያ ወዲያ እስከ ፋሲካ ድግስ የለም። በል ደውልላት።”

ደወልኩና ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ፊታቸው ያዝኩላቸው። አነሣች። ከኋላዋ የፋብሪካው ማሽን ይጮኻል።

“አቤት ጋሼ! መስቀሉ ወጣልዎት?” አለች።

ቄስ ኪዳነ ማርያም መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡ። አዩት። ተሳልመው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

“ወጥቷል፣ ልጄ” አሉ።

ማሽኑ ብቻ ተሰማ።

“እሑድ መልስሽ ነው። ባልሽን ይዘሽ ነይ።”

“አባዬ” አለች።

ያንን ፍሬም ለእሷ እንዳልሰጣት ከልክለው በጋቢያቸው ጠቅልለው ይዘውት ሄዱ። ጉርዱን ሳይነሡ ነው የሄዱት። እሳቸውም ረሱት፣ እኔም አላስታወስኳቸው።

እሑድ ጫጫ ሰርግ ይዤ ነበር። ለጓደኛዬ ለቃለ አብ ሰጠሁት። ደክሞኛል አልኩት፤ ውሸት አይደለም። ወደ አንኮበር ወጣሁ። እትዬ እናናየሁ ቸኩለው ነው የደገሱት፤ ወጡ ቀጥኗል፣ ጠላው አልበሰለም። ማንም ልብ ያለው የለም። ወንበሩ ያው የሰርጉ ዕለቱ ወንበር ነው። ፀደንያ ከባየው ጋር ስትገባ ወንበሩን ቀድማ አየችው። አባቷ ተቀምጠውበታል።

ተንበረከከች። ጉልበታቸውን ስትስም ቄሱ መስቀላቸውን ለሚስታቸው አቀበሉና ሁለት ባዶ እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ። “ውለጂ፣ ክበጂ፣ ቤትሽ ይሙላ” አሉ። ሌላም ሊሉ ጀምረው ተዉት። እጃቸውን አነሡ።

እሷ ግን አልተነሣችም። እዚያው ጉልበታቸው ላይ ተደፍታ ቀረች።

ቄሱ ዓይናቸውን እየጠረጉ ወደ እኔ ዞሩ። “ወጣልህ ወይ?” አሉኝ።

የካሜራዬን ስክሪን አየሁ። እጃቸው፣ ፀጉሯ፣ የባየው የተከፈተ አፍ፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ወጥቷል። እንደዚያ ያለ ፎቶ አንሥቼ አላውቅም።

“አልወጣም፣ አባ” አልኩ። “ይደገም።”