የሎሬን አድራሻ

“የፖስታ ቁጥርሽ ስንት ነበር?” አለ ራስል፣ ጣቱን ላፕቶፑ ላይ አንጠልጥሎ።

ሎሬን የሻይ ኩባያዋን እንደያዘች እህ ብላ አየችው። ወንድሟ የተወለደው እዚሁ የእንግሊዝ ከተማ በርንሊ፣ እዚሁ ቤት ውስጥ ነው። እስከ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የተኛው ፎቅ ላይ ባለችው ጠባብ ክፍል ነው። እናታቸው ከተቀበረች ስድስት ዓመት ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ይህን በር ሲያንኳኳ የዛሬው እሁድ የመጀመሪያው ነው። ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ ልጁን ኢሞጀንን ከኋላው አስከትሎ፣ ከውድ ቤት የተገዛ ኬክ ይዞ መጣ።

“ለምን ፈለግከው?” አለችው።

ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። ኢሞጀን ሐኪም ልትሆን ነው። ማመልከቻዋ እስከ ረቡዕ መግባት አለበት፤ የሚፈቀድላት ደግሞ አራት የሕክምና ትምህርት ቤት መምረጥ ብቻ ነው። የመጨረሻው ፈተና ገና በሚመጣው ሰኔ ስለሆነ ትምህርት ቤቶቹ የሚያዩት መምህራኖቿ ‘ይህን ታመጣለች’ ብለው የገመቱላትን ውጤት ነው። የተገመተላት ሁለት ኤ እና አንድ ቢ ነው። ቢዋ የኬሚስትሪ ናት። ራስል የኬሚስትሪ መምህሩን ሁለት ጊዜ ለምኖታል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በጠበቃ አስፈራርቶታል፤ መምህሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ራስል የመረጣቸው አራቱም ሦስት ኤ ይጠይቃሉ። ከድሃ ሰፈር የመጣ ልጅ ሲሆን ብቻ አንድ ቢ ያልፉለታል፤ ሰፈሩንም የሚለዩት በፖስታ ቁጥሩ ነው።

የሎሬን ሰፈር ደግሞ፣ ምስጋና ይግባውና፣ ድሃ ነው።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ይኼኛው ጉድ ለጥቅምት የተረፈ ነው። ራስል የጥርስ ሐኪም ነው። ሸለቆው ውስጥ ባለ መንደር አምስት መኝታ ያለው ቤት አለው፤ በመንግሥት ወጪ የሚታከም ሰው መቀበል ካቆመም ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ልጁን በአሥራ ስድስት ዓመቷ ከግል ትምህርት ቤት አስወጥቶ የመንግሥት መሰናዶ ኮሌጅ ያስገባት ለዚችው ማመልከቻ ብሎ ነው። ይህንን ሁሉ ሲያወራ አንዴ እንኳ አላፈረም፤ እንዲያውም በራሱ ብልጠት ተደስቶ ነበር። አራቱን ትምህርት ቤቶች በአረንጓዴ ያቀለመበትን ሠንጠረዥም አውጥቶ አሳያት። ሁለቱን የመረጣቸው፣ ሌላ ምክንያት ቢደረድርም፣ እራት ግብዣ ላይ ስማቸው ሲጠራ ስለሚያምር ነው።

“ከአክስቷ ጋር ነው የምትኖረው ብለን እንሞላለን” አለ። “ማንንም አንጎዳም። ደብዳቤ ከመጣ ትደውይልኛለሽ፣ በቃ።”

ሎሬን ሳቀች። ስትስቅ በግራ በኩል የጎደለው ጥርሷ ታየ፤ ራስልም ገና ዛሬ ያየው ይመስል አንገቱን ሰገግ አደረገ።

“ይቺንም እኮ እተክልልሻለሁ” አለ። “በነፃ። ማክሰኞ ነይ።”

ሎሬን በአንድ ጎን ማኘክ ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። አሥራ አንድ የጥርስ ሐኪሞች ጋ ደውላ አዲስ ታካሚ አንቀበልም ብለዋታል። ለራሱ ለራስልም በገና በዓል በስልክ ነግራው ‘አጠያይቅልሻለሁ’ ብሎ እንደዘጋ ቀርቷል። ቢሆንም፣ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ልቧ ተፈተነ። አፕል ገምጣ መብላት ናፍቋታል።

“እስቲ ለማመልከቻው ስለ ራስሽ የጻፍሽውን ልየው” አለቻት ኢሞጀንን፣ ጊዜ ለመግዛት ያህል።

ልጅቷ ላፕቶፑን አዞረችላት። ሎሬን መነጽሯን አድርጋ አነበበች። ‘ቅዳሜና እሁድ አክስቴን በአረጋውያን መጦሪያ እያገዝኩ የሰውን ልጅ ሥቃይ በቅርብ ተረድቻለሁ’ ይላል። ሎሬን እዚያ መጦሪያ ውስጥ ሽማግሌና አሮጊት ስታጥብ፣ ስታገላብጥ፣ ስታጎርስ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ኢሞጀን የግቢውን በር አይታው አታውቅም።

“ማነው ይኼን የጻፈው?”

“አባዬ አስተካክሎልኝ ነው።”

“ያንቺ የቱ ነው?”

ልጅቷ ከላይ እስከ ታች ፈለገች። “ስሜ” አለች በመጨረሻ። “እና የተወለድኩበት ቀን።”

የሎሬን ፈተና እዚያ ላይ አለቀ። መነጽሯን አውልቃ ወደ ወንድሟ ዞረች።

“እሺ፣ አድራሻዬን ውሰዱት” አለችው። የራስል ፊት በራ። “ግን ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ትኑር። ያቺ ያንተ ክፍል ባዶ ናት። ኮሌጇ ድረስ በአውቶቡስ ሃምሳ ደቂቃ ነው።”

ራስል የቀለደች መስሎት ሳቀ። እንዳልቀለደች ሲገባው ግን ሳቁን ዋጠ።

“ተይ እንጂ ሎሬን። ልጄን እዚህ ላሳድራት? ሰፈሩን እኮ ታውቂዋለሽ።”

“እኔማ አውቀዋለሁ።”

ኢሞጀን አባቷን ቀና ብላ አየችው። ሲመጡ መንገዱን ሙሉ ያለውን ሁሉ እሺ፣ እሺ ስትል ነው የመጣችው፤ ማፈር ከጀመረች ገና ደቂቃ አልሞላትም። ላፕቶፑን ወደ ራሷ ስባ አድራሻውን አጠፋች፤ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍም አጠፋችው። ራስል በራሷ አድራሻ፣ ያቺን ቢ ይዛ አራቱም ሳያነቡ እንደሚጥሏት ነገራት። እሷም ዘንድሮ እንደማታመለክት፣ ነሐሴ ላይ የእውነቱ ውጤት ሲመጣ በዚያ ለከርሞ እንደምታመለክት መለሰችለት።

“አንድ ዓመት ሙሉ ምን ልትሆኚ ነው?” አለ ራስል። ከዚያም ለሚስቱ ሊደውል ወደ መኪናው አመራ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ እህቱን “ማክሰኞን እርሺው” አላት።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ሎሬን ልጅቷን አላቀፈቻትም፣ ጎበዝም አላለቻትም። ከልክ ያለፈ ውሸት መተው በእሷ ቤት ጉብዝና አይባልም።

“እናንተ መጦሪያ ልምድ የሌለው ሰው ይቀጥራሉ?” አለች ኢሞጀን።

“መቅጠርማ ማንንም ይቀጥራሉ። የሚቆይ ነው የጠፋው።”

“ቅዳሜ ልምጣ?”

“ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የመጦሪያው በር ላይ ጠብቂኝ። ደቂቃ ካሳለፍሽ ጥዬሽ እገባለሁ።” የልጅቷን እጅ አየችው፤ ጥፍሯ ረጅም ነው፣ ሮዝ ተቀብቷል። “በዚህ ጥፍር ደግሞ ማንንም አትነኪም። የአረጋውያኑ ቆዳ እንደ ወረቀት ነው የሚቀደደው።”

ውጭ የመኪናው ጡሩምባ ጮኸ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ረዘም አድርጎ ጮኸ።

“መቁረጫ ይኖርሻል?” አለች ኢሞጀን።