የናፍታው ክዳን

ጥንቁቁ ይሉታል፤ እሱም ቅጽል ስሙን ወዶት ይኖራል። ዶማው ሳይወለወል አይሰቀልም፣ በሩን ሁለቴ ገፋ ሳያደርግ አይተኛም። «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለት ልማዱ ነው፤ ሰው ቢሰለቸውም እሱ አይሰለቸውም። ታናሽ ወንድሙ በአሮጌው ትራክተራቸው ሥር የሞተ ዕለት ግን ጥንቃቄው ምላሱ ድረስ አልዘለቀም። ተሳቢ እየጎተተ ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ትራክተሩ ወደኋላ ተንሸራቶ ተገልብጦበት ነው የሞተው። ገና የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ ጥንቁቁ፣ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ ወንድሜ ችኩል ነበር፤ ሞተሩን ያጠፋው ራሱ ነው» እያለ ለለቀስተኛው ሁሉ አወራ።

ይህ ነገር የሟቹን ሚስት እንደ እሾህ ወጋት። ባሏ ከመሞቱ በፊት ነግሯታል፤ ትራክተሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ሠርቶ ድንገት ይጠፋል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ለወንድሙም ነግሮት ነበር። ያገኘው መልስ ማሽን አይደክመውም፣ የሚደክመው ነጂው ነው የሚል ነው። እናም ከቀብሩ ወር እንዳለፈ መካኒክ አስጠራች። ሞተሩ በራሱ ጠፋ ወይስ ባሏ አጠፋው? ልጆቿ አባታችን እንዴት ሞተ ሲሏት የምትመልሰው እውነት ፈለገች።

መካኒኩ ከወሬ ይልቅ ለመፍቻው የሚያደላ ሽማግሌ ነው። ከታንከሩ ሥር ናፍታ በጠርሙስ ቀድቶ በፀሐይ አየው፤ ውሃም ዝቃጭም የለውም። ፊልትሮውን ፈታ፤ ንጹሕ ነው። አየር ገብቶበት እንደሆነ ብሎ የናፍታ ፖምፓውን ቡሎን አላላና አረፋውን አስወጣ፤ ከዚያ አስነስቶ ማረሻውን አስጎተተው። ጥንቁቁ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ «አላልኳችሁም?» በሚል ፊት ቆሟል። ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል እንደሄደ ሞተሩ ተንተባተበና ጸጥ አለ።

ሽማግሌው ቡሎኑን መልሶ ቢያላላው ጠብታ አልመጣም። ታንከሩ ግን ከግማሽ በላይ ነው። ቡሎኑን እንዳላላው ትቶ ወጣና የታንከሩን ክዳን ሲከፍተው አየር እያፏጨ ገባ፤ ወዲያው ናፍታው ከታች ይንዠቀዠቅ ጀመር። ክዳኑን ገልብጦ በጥፍሩ ቧጠጠው። ናፍታው ሲቀንስ አየር የምታስገባው ትንሽ ቀዳዳ በብረት ማስቲሽ ተደፍናለች። አየር ካልገባ ናፍታው እንደማይወርድ፣ ሲያርፍ ጥቂት ለቀቅ እያደረገ እንደገና እንደሚታነቅ አስረዳቸው።

ጥንቁቁ ማስቲሹን አወቀው። ባለፈው ክረምት ዝናብ እንዳይገባ ብሎ ቀዳዳዋን የደፈናት እሱ ነው። ጎተራ ውስጥ፣ ብቻውን፣ እያፏጨ። ሲጨርስም በሥራው ኮርቶ ነበር።

«ይህን የደፈነ ማነው?» አለ መካኒኩ።

መካኒኩም ሴትዮዋም ዞረው ጥንቁቁን አዩት። እውነቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር፤ እግዜር ይመስክር፣ ነበር። ግን ዕድሜ ልኩን ጥንቁቁ ሲባል የኖረ ሰው፣ በጥንቃቄው ወንድሙን ገደለ መባልን አልቻለውም።

«ወንድሜ ነው» አለ። «ተው ብዬው ነበር።»

ሴትዮዋ ክዳኑን ብዙ አየችው። ከዚያ ትልቋን ልጇን ከቤት ጠራችና፣ አባቷ የሞተው በገዛ እጁ ስሕተት እንደሆነ፣ ከእንግዲህ በአጎቷ ላይ ክፉ ቃል እንዳትናገር ነገረቻት። ልጅቷ አላለቀሰችም። አባቷን ሁለተኛ መቅበሯ ግን ፊቷ ላይ ያስታውቅ ነበር። መካኒኩ ማስቲሹን በሽቦ ሲፍቅ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ጥንቁቁን አየው። ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

ያኔ ሴትዮዋ ቀረብ አለችና ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ያዘች።

«ይቅር በለኝ፣ ጋሼ። በልቤ አንተን ጠርጥሬ ነበር።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። አልተከፈተችም። ክንዷን ይዞ አነሳትና፣ «ይቅር ብዬሻለሁ» አላት።