ከመስመሩ ጎን ያለች ነጥብ

ወረቀቱ ሞቅ እንዳለ ከማተሚያው ወጣ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ጠርዙን አስተካክሎ ለመምህርቷ አቀበላቸው፤ ዓይናቸውን ግን አላየም። የፍለጋው ዝርዝር እንዳለፉት ሁለት ሳምንታት ሁሉ የሚያልቀው በአንድ መስመር ነው፦ ምንም ጥናት አልተገኘም።

መምህርቷ ለሁለተኛ ዲግሪ የተመዘገቡት ሃያ ሰባት ዓመት አንደኛ ክፍል አስተምረው፣ ልጆቻቸውንም ድረው ካበቁ በኋላ ነው። አብረዋቸው የሚማሩት «የክፍላችን እናት» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም የቤት ሥራ ያልሠራውን እንደ እናት ይቆጣሉ። ሊያጠኑ የፈለጉት የኖሩበትን ነው። የልጅን ስህተት በቀይ አይሰርዙም። ከመስመሩ ጎን አንዲት ነጥብ ያኖራሉ፤ ስህተቱን ልጁ ራሱ ፈልጎ ያገኛል። አማካሪያቸው ግን ማንም ነክቶት የማያውቅ ርዕስ መነሻ የለውም ብለዋቸዋል። እስከ ዛሬ ስድስት ሰዓት አንድ ጥናት እንኳ ካላመጡ ርዕሱ ይቀየራል። አሁን አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ሠራተኛው ያልሞከረው ቃል የለም። «እርማት» ብሏል፣ «ራስን ማረም» ብሏል፣ «የተማሪ ስህተት» ብሏል፤ የትምህርት ጥናቶች የተከማቹባቸውን የመረጃ ቋቶች አንድ በአንድ አንኳኩቷል። በሥራው የሚኮራ ሰው ነው። ለእሳቸው ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ «የለም» ከማለት በቀር ምንም አልፈየደም። ርዕሱን ቢቀይሩትስ ሲል ቀስ ብሎ ጠየቃቸው።

«አንተ ልጅ፣» አሉ መነጽራቸውን እየጠረጉ፣ «በዚህ ዕድሜዬ ባል ቀይሪ ብትለኝ ይቀለኛል።»

ሳቁን ዋጠ። እሳቸው እርሳስ ተውሰው ወረቀቱን ከላይኛው መስመር ጀምረው አነበቡ፤ የተፈለጉትን ቃላት፣ የቋቶቹን ስም፣ ማንም ልብ የማይለውን ደቃቅ ጽሑፍ ሳይቀር። አንድ ቦታ ላይ እርሳሱ ቆመ። ከዚያ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትተው፣ ውሃ ልጠጣ ብለው ወጡ።

ከአራተኛው መስመር ጎን አንዲት ነጥብ ነበረች።

መስመሩን አነበበ። የታተመበት ጊዜ፦ ያለፉት አሥር ዓመታት። ጆሮው ድረስ ጋለ። ዓመቱ ሲጀመር፣ ተማሪዎች ያረጀ ጥናት እየጠቀሱ ሲወቀሱ አይቶ፣ በቤተ መጻሕፍቱ አሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች ሁሉ ላይ ይህን የዓመት ገደብ ያስቀመጠው ራሱ ነው። ደግ የሠራ መስሎት ነበር፤ ከዚያም ረሳው።

ገደቡን አንሥቶ እንደገና ፈለገ። አንድ ጥናት ወጣ። ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት በአንድ የመምህራን ማሠልጠኛ የተሠራ፣ ገጾቹ ዘመም ብለው የተቀዱ። አርባ አንድ ልጆች፤ መምህሩ ስህተት ያለበትን መስመር ብቻ ያመለክታል፣ ልጆቹ ይፈልጋሉ።

ሲመለሱ የኮምፒውተሩን ማያ ወደ እሳቸው አዞረው። ቆመው አነበቡ። አርባ አንድ የሚለው ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ለካ ሌላም ሰው ነበረ» አሉ።

«እትዬ፣ ገደቡን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሁለት ሳምንት አለፋሁዎት።»

«ታዲያ ራስህ አገኘኸው አይደል?»

ጥናቱን አትሞ ሰጣቸው። ገና ያልቀዘቀዙትን ገጾች ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ የደረጃውን ድጋፍ በአንድ እጃቸው ይዘው፣ ወደ አማካሪያቸው ቢሮ ወጡ። እርምጃቸው እስኪጠፋ አዳመጠ።

ከዚያ ተነሣ። ተማሪዎቹን ይቅርታ እየጠየቀ፣ ከአንዱ ወንበር ወደ ሌላው እየተዛወረ፣ ከአሥራ ሁለቱም ላይ ገደቡን አነሣ። ወደ ቦታው ተመልሶ ነጥብ ያለችበትን ወረቀት ለሁለት አጠፈና መሳቢያው ውስጥ አኖረው።