አንድ ፕሮ ብቻ

አባባ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አዳልጦት ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። ቀዶ ሕክምናው አልቆ ወደ ቤት ስንወስደው ሐኪሙ፣ «ደህና አድርገው እስኪራመዱ ብቻቸውን እንዳይውሉ» ብሎ አስጠነቀቀን።

እኔ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነኝ፤ መሪ ይዤ በሽተኛ ማስታመም አይሆንልኝም። የቀረችው ታላቅ እህቴ ናት። እሷ ደግሞ አንዲት ትንሽ የምህንድስና ቢሮ ውስጥ የሕንፃ ንድፍ ትሠራለች። ፀጉሯ ላይ እርሳስ ሰክታ መርሳት ልማዷ ስለሆነ፣ ስሟ ቤትም ቢሮም «እርሳስ» ሆኖ ቀርቷል።

ጣጣው ሥራዋ ነበር። ንድፎቿን የሚሸከመው ቢሮ ያለው ጉልበተኛ ኮምፒውተር ብቻ ነው። የራሷ ላፕቶፕ አሮጌ ናት፤ ከትልልቆቹ ንድፎች አንዱን ስትከፍት ዳገት እንደወጣ ሰው ታለከልካለች። የያዘችው የጤና ጣቢያ ንድፍ ደግሞ የርክክቡ ቀን ተቃርቧል።

«ለሌላ ሰው ይስጡት» አልኳት። «አባት አይተካም።»

«አባትም አይተካም፣ ሥራዬንም አልሰጥም። ቆይ እስቲ» አለችኝ።

ያሰበችው አባባ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ በላፕቶፗ በኩል የቢሮውን ኮምፒውተር ከሩቅ ማዘዝ ነበር። ሞከረችው፤ እምቢ አላት። ለካ የቢሮው ኮምፒውተር የተጫነበት ዊንዶውስ የቤት እትሙ፣ ሰዎች «ሆም» የሚሉት ኖሯል። «ፕሮ» የሚባለው የባለሙያው እትም ያስፈልጋል ተባለች።

ይኼን ጊዜ ሁሉም አዋቂ ሆነ። አለቃዋ፣ «እኛስ ባለሙያ አይደለን እንዴ? ለሁሉም ማሽን ፕሮ ይገዛ!» ብሎ ፎከረ። የኮምፒውተር ሱቁ ሰውዬም አላንገራገረም፤ አብሬያት ስለሄድኩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «እህቴ፣ ላፕቶፑንም የቢሮውንም ወደ ፕሮ አሳድጊና ተገላገይ» አላት። እኔማ አምኜለት እጄን ወደ ኪሴ ሰድጄ ነበር።

እርሳስ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ሆም ያለው ላፕቶፕ ወደ ሌላ ኮምፒውተር መግባት ይችላል?»

«መግባትማ ይችላል።»

«የማይችለው ሌላውን ማስገባት ነው?»

ሰውዬው ትንሽ አሰበ። «አዎ፣ እሱን ነው።»

«እንግዲያው የኔዋ ትሄዳለች እንጂ ማንንም አትቀበልም። ሆም ይበቃታል። በሩን የሚከፍተው የቢሮው ነው፤ ፕሮ ለሱ ብቻ ስጠኝ። ስቀይረው ፋይሎቼ ይጠፋሉ?»

«አይጠፉም። የምሰጥሽን የቁልፍ ቁጥር አስገብተሽ ኮምፒውተሩን እንደገና ማስነሳት ነው።» ራሱን አከክ አከክ አደረገና ሳቀ። «ደንበኛ ሁሉ እንዳንቺ ቢሆን ሱቄን በዘጋሁ! ግን አንድ ነገር ስሚኝ፤ ያንን በር ለመላው ኢንተርኔት ወለል አድርገሽ እንዳትከፍቺው። የቢሮአችሁ ቴክኒሻን መጀመሪያ የተጠበቀ መስመር ይዘርጋ።»

ይህችን ምክር እንደ ቀልድ አላለፈቻትም። ቴክኒሻኑ መስመሩን ዘርግቶ እስኪጨርስ ድረስ አንዲት ንድፍ አልነካችም። የቸኮልኩት እኔ ነበርኩ።

ከዚያ አባባ አልጋ አጠገብ ጠረጴዛ ዘረጋች። አሮጌዋ ላፕቶፕ ማለክለኳን ትታ፣ የጤና ጣቢያውን ግድግዳና ምሰሶ ቁልጭ አድርጋ ታሳይ ጀመር። ጭነቱ ሁሉ ያለው ቢሮ ነዋ! በአንድ እጇ መስመር እያሰመረች፣ በሌላው የአባባን ትራስ ስታስተካክል በዓይኔ ባላይ ኖሮ አላምንም ነበር።

«የቤትና የባለሙያ ብለው ለዩት ነው የምትሉኝ?» አለ አባባ። «በኛ ጊዜ ሴቷ ባለሙያ የምትባለው በቤቷ ነበር። እነዚህ ሰዎች ምን ነክቷቸው ነው የለያዩት?»

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቢሮው ጸሐፊ በድንጋጤ ደወለች። «ኧረ እርሳስ! ወንበርሽ ባዶ ነው፣ ስክሪንሽ ተቆልፏል፣ ትልቁ ማተሚያ ግን ያንቺን ንድፍ ይተፋል! ላጥፋው?»

«ተይው! እኔ ነኝ ያዘዝኩት። ወረቀቱ መሬት እንዳይነካ ያዥልኝ።»

አባባ ስፌቱን በእጁ ደግፎ እስኪያለቅስ ሳቀ። ከወደቀ ወዲህ እንዲያ ሲስቅ የሰማሁት ያን ዕለት ነው።

ንድፉ በቀኑ ደረሰ። አለቃዋ የታተመውን ጠቅልሎ አባባን ሊጠይቅ መጣና አልጋው ላይ ዘረጋለት። አባባ መነጽሩን አድርጎ ክፍሎቹን በጣቱ ተከተለ። ድሮ አናጺ ስለነበር ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በር ላይ ነው።

«የመታጠቢያው በር ሰፋ አለሳ» አለ።

«እሷ ናት ያሰፋችው» አለ አለቃዋ። «የቀድሞው ስፋት ለሕንፃ ሕጉ ይበቃ ነበር። ለመዞር ግን አይመችም ብላ ተከራከረችኝ፤ እውነቷን ነው።»

አባባ ቀና ብሎ አያት።

«በዊልቸር ስትመላለስ የመታጠቢያ ቤታችን በር ላይ ጉልበትህ እየተጋጨ አይደል?» አለችው። «እዚያ የሚሄደውም ያንተ ቢጤ ነው። ቢሮ ውስጥ ብሆን ኖሮ ይኼ አይታየኝም ነበር።»

አባባ ብርድ ልብሱን ገፋ አደረገና፣ «ትከሻሽን አምጪው እስቲ፣ ልነሳ» አላት። ከጠረጴዛዋ ተነስታ ደገፈችው፤ እኔና አለቃዋ ወረቀቱን አንስተን መንገድ ለቀቅንላቸው።